እማዬ የመሰከረችበት ዓይን

ሸጎሌ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጢሞቴዎስ፣

የጌታ ሰላም ከዚያ ከቆላው ሙቀት በላይ ይብዛልህ። ፖስታውን ስትቀበል እንዳትደነግጥ፤ ሰው አልሞተም፣ ቤታችንም ለመንገድ አልፈረሰም፣ እኔም አላገባሁም። በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ግን አንተ ኔትወርክ ፍለጋ ጂንካ በወጣህ ቀን ስትደውል ስልኩን ከእኔ ቀድማ የምታነሣው እማዬ ናት። ድምፁን ከፍ ታስደርገኛለች፤ ከወዲያም አብረውህ የሚያገለግሉት በየተራ ሰላም ይላሉ፤ በመጨረሻ ጸሎት ይሆንና ስልኩ ይዘጋል። መልእክት የምትልኩባት ስልክ ደግሞ የሁላችሁም ናት፤ ማን ከፍቶ እንደሚያነብ አላውቅም። ስለዚህ ሶሬሳን፣ ያን ደግ ሹፌራችሁን፣ ሰኞ ጠዋት ዕቃ ጭኖ ወደ እናንተ ሲወርድ ይህን በእጅህ እንዲሰጥልኝ ለመንኩት። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

በመጀመሪያ ስለ ላክኸው ፎቶ። ጺምህን ምን ሆነህ ነው እንዲህ የለቀቅኸው? እዚያ ምላጭ አይሸጥም? ከግራሩ ሥር ቆመህ ወንጌላዊ ሳይሆን ጫካ የገባ ሽፍታ መስለሃል። ፎቶው እንደደረሰን ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ አራቀችው፤ እንደገና አስጠጋችው። «ተመስገን፣ ፊቱ በርቷል» አለች። ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ብዬ ጠበቅኋት። «ጌታ ይባርከው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

እስቲ አንተው ፍረድ። አባባ ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ እንኳ «ካልተላጨህ ምሳ የለም» ትለው የነበረች ሴት፣ የአንድ ወንድ ልጇን ጺም አይታ ዝም ትላለች?

ጢሞ፣ እማዬ አታይም። በዚያ በግንቦቱ እሑድም አላየችም፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን አላየችም። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት ቀድጄ እንደጣልኩ አትጠይቀኝ።

ያን እሑድ አንተ በስልክ ነበርህ፤ እኔ ግን ከእማዬ አጠገብ ቆሜ ስለነበር ከወዲያ ሆነህ ያልታየህን ልንገርህ። ፓስተሩ ስልኩን ከማይክሮፎኑ ጋር አስጠግቶ ድምፅህ አዳራሹን ሞላው። እማዬ ከዚያ በፊት የላክኸውን የድምፅ መልእክት ደጋግማ ሰምታው ነበር። «ማንም አይሰማኝም፤ ጸሎቴም ከጣሪያው የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ትቼው ልመጣ ነው» ያልክበትን። ልብስ ስታጥፍም፣ ሽንኩርት ስትልጥም ትሰማው ነበር፤ ቃል በቃል ይዛዋለች። ታዲያ አንተ በዚያ በሚሰነጠቅ ድምፅህ «የእናቴ ዓይን ይከፈት!» ብለህ ስትጮህ፣ ፓስተሩ ጎንበስ ብሎ «እናታችን፣ ምን ይታይዎታል?» አላት። «ብርሃን» አለች። እውነቷን ነው፤ ፊት ለፊቷ መስኮት ነበር። ብርሃንና ጥላ ድሮም ትለያለች። ነገር ግን ሕዝቡ እልል አለ፣ ወንበር ተገለባበጠ፣ ኪቦርዱ ጀመረ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንተ ከወዲያ «እማዬ! እማዬ!» እያልክ እንደ ሕፃን ስታለቅስ ተሰማ። እማዬ አፏን ከፍታ ነበር፤ የሆነ ነገር ልታርም ነበር። መልሳ ዘጋችው። ማይክሮፎኑን ሲሰጧት «አየሁ» አለች።

እኔም እልል ብያለሁ። እስከ ማክሰኞ ድረስም አምኛለሁ። ማክሰኞ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊት ለፊቷ አስቀምጬላት ነበር። ወንበሩን ዳሰሰች፣ የመስኮቱን ደፍ ዳሰሰች፣ ኪሷን ፈተሸች። በመጨረሻ «ኢየሩ፣ ቁልፉን የት ወሰድሽብኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። አንሥቼ እጇ ላይ አደረግሁላትና ወደ ሥራ ሄድኩ።

ምስክርነት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እማዬን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንግዳ ተቀባይ አደረጓት፤ ሰው የዳነችውን ሴት እያየ እንዲገባ። በድምፅ የምታውቀውን በስሙ ትጠራዋለች፤ ዝም ብሎ የሚገባውን ግን በግምት ነው። ባለፈው አንዱን ጎልማሳ፣ ያውም ያንተን የሚያህል ጺም ያለውን፣ «ደህና ነሽ ወይ የኔ እናት» ብላ አቀፈችው። ሰውየው ትንሽ ቆሞ «ደህና ነኝ እማማ» አላትና ገባ። ሳቄ መጣ፤ ሳቄ ሳያልቅ ዕንባዬ መጣ። ያ ሰው በዚያች ደቂቃ አውቋል። ሌሎችም የሚያውቁ ይመስለኛል። ግን ማን ይናገር? እምነት የጎደለው መባልን ሁላችንም እንፈራለን፤ እኔም ጭምር።

በስልክ «አዳልጦኝ ነው» ያለችህ እግሯም እንደዚያ አይደለም። ከዋናው መንገድ ወደ ቤታችን የሚያስገባው ለቱቦ ተቆፍሯል። ብቻዬን ካልሄድኩ ብላ ወጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። የሚቆፍሩት ልጆች ናቸው ያወጧት። «ማዘር፣ ምልክቱን አላዩትም እንዴ?» ሲሏት «አይቼዋለሁ፣ ቸኩዬ ነው» ብላቸዋለች። ቅልጥሟ ተልጦ፣ ነጠላዋ ጭቃ ሆኖ፣ አሁንም አይቼዋለሁ!

አሁን ስለ ሥራዬ ትንሽ ታገሠኝ። ሁልጊዜ «ቁጥር መለጠፍ» እያልክ ስለምትቀልድብኝ በደንብ ነግሬህ አላውቅም። አንተ የምታውቀው ጳውሎስ አካባቢ ያለው የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ካርዱ ላይ ይጽፋሉ፤ ካርዱ ወደ እኛ ወደ መዝገብ ክፍል ይመጣል፤ እኔና ባልደረባዬ ኢፍቱ ያንን ስም በየአገሩ ያለ ሐኪም ወደሚግባባበት ፊደልና ቁጥር እንለውጠዋለን። የዓይን ብሌን ጠባሳና ዳመና ኤች አሥራ ሰባት ነው። ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ የጠባሳውን ዓይነትና ቦታ ይለያል። ጠርዝ ላይ የቀረ ጠባሳ ያለበት ሰው ጋዜጣ እያነበበ ይኖራል። መሀል ላይ ካረፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእማዬ በሁለቱም ዓይኗ መሀል ላይ ነው። ግራው በልጅነቷ በኩፍኝ የሄደው ነው። ቀኙ ግን አንተ ከሄድክ በኋላ ቆስሎ የዳነው ነው፤ ከጠባሳው በስተኋላ ጤነኛ ነው። ዶክተር ሉሊት፣ ሐኪሟ፣ «የመስኮቱ መስታወት ነው የደፈረሰው፤ ቤቱ ደህና ነው» ብላ ያጽናናችን ስለዚህ ዓይን ነው። መስታወቱ ይቀየራል፤ ሰው ሲሞት ከለገሰው ብሌን። ስሟ ወረፋ ውስጥ የገባ ዕለት በስልክ አብረን አመስግነናል፤ ታስታውሳለህ።

ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ አንድ ሕግ አለ፤ ሐኪሙ የጻፈውን እንጂ አንቺ የምታውቂውን ኮድ አታድርጊ። ታካሚው ጎረቤትሽ ይሁን፣ ደጃፍሽ ላይ ሲደናበር በዓይንሽ እዪው፣ ካልተጻፈ የለም። ጥሩ ሕግ ነው፤ እሱ ባይኖር ሁላችንም የመሰለንን እንጽፍ ነበር። አንድ ቀን ጉሮሮዬን ይይዘኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ነሐሴ ላይ ቀጠሮዋ ደረሰ። «ድኛለሁ እኮ፣ ምን ልሠራ?» ስትለኝ «ሐኪሟን ለማመስገን እንኳ ነይ» ብዬ ወሰድኋት። ዶክተር ሉሊት በመብራቱ አየችላት። ጠባሳው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ጣቶቿን ዘረጋችና «እናቴ፣ ስንት ይታይዎታል?» አለቻት። እማዬ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ፣ ጌታ የሠራውን በጣት አልፈትንም» አለቻት።

ዶክተሯ እኔን አየችኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ካርዱ ላይ ጠባሳው እንዳለ፣ የማየት ዐቅሟ ግን እንዳልተለካ ጻፈች። ስላልተለካም ድሮ ከጠባሳው ኮድ ጎን ይቀመጥ የነበረው የዓይነ ስውርነት ኮድ በዚያ ቀን አልተቀመጠም። ኮምፒውተሩ ውስጥ እማዬ ጠባሳ ያላት፣ ማየት አለማየቷ ያልታወቀ ሴት ሆነች። እኔ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ከእግሯ ሥር የማቀርብላት አውቃለሁ፤ ግን የእኔን ማወቅ ማን ጠየቀኝ? ደግነቱ ዶክተር ሉሊት ከወረፋው አላስወጣቻትም። «ልቧ ሊመለስ ይችላል» አለችኝ።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ ዶክተር ሉሊት ራሷ ወደ መዝገብ ክፍል መጣች። ሐኪም ወደኛ ጓዳ ብዙ አይመጣም፤ ካርድ የጠፋ መስሎኝ ተነሣሁ።

«ኢየሩ፣ ለእናትሽ ብሌን ተገኝቷል» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ነው የምንሠራላት። ብሌኑ ብዙ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ ዛሬውኑ አምጥተሽ አስተኛት።»

ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። የሸጎሌ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ዶክተር፣ ጠጋ በይ» ሲለኝ አላረምኩትም። አንድ ቤተሰብ የሞተበትን ሰው ዓይን ሰጥቶ ነበር፤ የማላውቃቸውን ሰዎች እየመረቅሁ፣ መስኮቱን ተደግፌ እያለቀስኩ ሄድኩ። ዛሬስ እምቢ አትልም ብዬ ነበር። ነገሩ በእጇ ላይ ሲመጣ፣ ነገ ጠዋት ሲባል፣ የትኛው ሰው እምቢ ይላል ብዬ ነበር።

እማዬ ግቢ ውስጥ ገመዱን በእጇ እየተከተለች ልብስ ታሰጣ ነበር።

«እማዬ፣ ተይው ልብሱን። እንሂድ፤ ተገኘ!»

«ምኑ?»

«ብሌኑ ነዋ! ነገ ጠዋት ይሠሩልሻል።»

እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። «ለሚያስፈልገው ይስጡት» አለችኝ። «እኔ እያየሁ ነው።»

«እማዬ፣ እዚህ ማንም የለም እኮ። እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሆንሽን አይቻለሁ።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ክፉኛ ተናደድኩ። «እስቲ ምን ለብሻለሁ?» አልኳት። ነጭ ጋውን ለብሼ ነበር፤ እሱን ለብሼ ቤት መጥቼ አላውቅም። እጇን ዘርግታ ትከሻዬን አገኘችው፤ ወደ አንገቴ ሄደች፤ የጋውኑን ኮሌታ ታጥፎ አግኝታው አስተካከለችልኝ።

«ኢየሩ፣ ልጄ ሊተወው ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ድምፁን ሰምተሻል እኮ። ያን ቀን አላየሁም ብል ኖሮ ዛሬ የት ይሆን ነበር? አሁን ሲደውል ስሚው፤ ይስቃል። አጠመቅን ይለኛል፣ ጣሪያ ሠራን ይለኛል። እኔ ዓይኔን በፋሻ አስሬ ብወጣ ሰው ምን ይለዋል? ሰውስ ይቅር፤ እሱ ራሱን ምን ይለዋል?»

«አንቺስ? አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?»

«እኔማ ብዙ አይቻለሁ። የቀረውን ደግሞ አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

«እማዬ፣ በናትሽ...»

«ለእኔ ዓይን ብለሽ ልጄን አትጣይብኝ። በቃ።»

ጎንበስ ብላ ከባልዲው አንድ ካልሲ አወጣችና መጭመቅ ጀመረች። ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ ጭቃው ላይ እግሯ ሥር ወደቅሁ። ሐኪምም የጌታ ነው አልኳት፤ «አውቃለሁ» አለችኝ። ተሸክሜ አልወስዳት ነገር፣ ያለ ፈቃዷ ማንም አይነካትም፤ መንካትም የለበትም። ዶክተር ሉሊት ዘገየሁባት መሰለኝ ደወለች። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። አመሰገነቻት፣ ልጅ ይስጥሽ ብላ መረቀቻት፣ አይሆንም አለቻት። ብሌኑ ለቀጣዩ ሰው ሄደ። ረቡዕ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አየኋት፤ አንዲት ወጣት እናት ናት፤ ሕፃኗን ለባሏ ሰጥታ ስትገባ እያየሁ ደስ አለኝ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

የቤተሰባችንን ካርድ ራሳችን አንነካም፤ የእማዬን ካርድ የያዘችው ኢፍቱ ናት። ዶክተሯ የጻፈችው አጭር ነው፤ የሁለቱም ዓይን ብሌን መሀል ጠባሳ፤ ታካሚዋ በጸሎት ድኛለሁ በማለት ቀዶ ሕክምናውን አልተቀበለችም። ኢፍቱ እንደ ሁልጊዜዋ ኮዱን መምታት ጀምራ ቆመች። እንዲህ ላለው ነገር የተዘጋጀ ኮድ አለ። ታካሚው በእምነቱ ወይም በሰዎች ግፊት ምክንያት እምቢ ሲል ዜድ ሃምሳ ሦስት ነጥብ አንድ ይባላል። ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ወይም ካልተገለጸ ነጥብ ሁለት ነው።

«ነጥብ አንድ ልስጠው አይደል?» አለችኝ፣ ፊቴን ላለማየት እየሞከረች።

«በእምነት አይደለም እኮ፣ ኢፍቱ።»

«ታዲያ በምንድን ነው?»

«ለልጇ ብላ ነው።»

ኢፍቱ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ላይ ታች እያለች ስትፈልግ ቆየች፤ የእውነቷን ፈለገች። «እሱ የለም» አለችኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ዶክተሯ የጻፈችው ደግሞ ይሄ ነው» አለች። ልክ ናት። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምሰጠው። በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩ ሲደመር እማዬ በእምነታቸው ምክንያት ሕክምና ከተዉት ጋር ትቆጠራለች፤ ማንም አይሳሳትም፤ ሁሉም በሕጉ መሠረት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የጊዜው ነገር ነው። ወደ ጠባሳው የደም ሥሮች መግባት ጀምረዋል። እነሱ እየበዙ ከሄዱ ኋላ የሚተከለው ብሌን አይይዝም ብላኛለች ዶክተር ሉሊት። እማዬ ከገና በኋላ እሺ ካለች እንደገና ላስገባት እችላለሁ፤ ከፋሲካ ካለፈ ግን ቃል አልገባልሽም አለችኝ። ዛሬ እምቢታዋ ኮድ አለው፤ ያን ጊዜ እሺ ብትል የሚጠቅማት ነገር ላይኖር ይችላል።

ታዲያ ምን ላድርግ ትለኝ ይሆናል። አላውቅም፣ ጢሞ። አንተን አውቅሃለሁ፤ ይህን ስታነብ ጥፋቱን ሁሉ አንሥተህ ራስህ ላይ ትጭናለህ፤ ልጅ ሆነህም ሳህን የሰበረው ሌላ ሲሆን የምታለቅሰው አንተ ነበርህ። እንዳታደርገው። አንተ ለእናትህ ጸለይህ። እሷ ለልጇ ብላ ዋሸች። ዶክተሯ ያየችውንና የሰማችውን ጻፈች። አንድ ጥፋተኛ ቢኖር ሄጄ እጮህበትና ይወጣልኝ ነበር፤ ማንም የለም፤ እናቴ ግን ከእጄ ላይ እየታወረች ነው። ብነግርህ አንተን እሰብራለሁ፣ ባልነግርህ እሷን አጣለሁ እያልኩ ሳምንቱን አሳለፍኩ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ደፍሬ እንዳይመስልህ። ደክሞኝ ነው። ብቻዬን ማወቁ ደከመኝ።

አገልግሎትህን ትተህ ና አላልኩህም። ያን ካደረግህ የእማዬ ዓይን በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ደውለህም «ሰምቻለሁ» እንዳትላት፤ አንድ ጊዜ ካፈረች በሩን ዘግታ አትወጣም። ይህን አታድርግ፣ ያን አታድርግ እያልኩ የምታደርገውን አንድ ነገር እንኳ ልነግርህ አልቻልኩም፤ ይታይሃል።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ እማዬ ገባች። የብዕሩን ድምፅ ሰምታ ነው።

«ለጢሞ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሶሬሳ ሰኞ ሊሄድ ነው።»

መጥታ ከኋላዬ ቆመች። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው አጎነበሰች። የጻፍኳቸው ገጾች ሁሉ ተዘርግተው ነበር፤ «እማዬ አታይም» የሚለው መስመር ከአፍንጫዋ ሥር ነበር። ልሸፍነው እጄን አነሣሁ። ከዚያ መለስኩት። ከማን ነው የምሸፍነው?

«እጅ ጽሑፍሽ ዛሬ አምሯል» አለችኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኳት።

«እስቲ አንብቢልኝ። መነጽሬን ጓዳ ትቼው መጣሁ።»

አነበብኩላት። «ውድ ወንድሜ፣ ሁላችን ደህና ነን። በርበሬው ተፈጭቷል። መንገዱ ገና አላለቀም፤ አቧራው ግን ቀንሷል። እማዬ ጠንክራለች...» ዓይኔን ወረቀቱ ላይ አድርጌ የሌለውን አነበብኩላት። ለምን ታስመስያለሽ ብዬ ስጨቃጨቃት የከረምኩት እኔ፣ አንዴ እንኳ ሳልደናቀፍ አነበብኩላት። በየመስመሩ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። ስጨርስ «ጥሩ ነው፤ እንዳታሳስቢው» አለችኝና የራሷን መልእክት ጻፊልኝ አለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ አንድም አልጨመርኩበትም።

«ጢሞቴዎስ ልጄ፣ እግርህ በረገጠበት ሁሉ ጌታ መንገድህን ያቅና። ፎቶህን አይቼ አይቼ ጠገብኩ። ትንሽ ከስተሃል፤ ብላ። ያ ቀዩ ሹራብ እንዴት አምሮብሃል! ትከሻህ ላይ ይጠብብህ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ልክህ ነው። ለገና ስትመጣ መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እኔ ራሴ ነኝ የምቀበልህ። ስንት ሰው ቢወርድ ከሩቅ አይቼ እለይሃለሁ። እናትህ፣ ደሳለች።»

ጢሞ፣ ፎቶው ላይ የለበስከው እጅጌ የሌለው ግራጫ ካናቴራ ነው። ቀዩ ሹራብ ዓይኗ ሳይደፈርስ የሠራችው የመጨረሻ ሥራዋ ነው፤ በዚያ ሙቀት ከሻንጣህ አውጥተኸው እንደማታውቅ እገምታለሁ። «እማዬ፣ ሹራብ አይደለም» ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። የተነገረኝን ጻፍኩ፤ ሥራዬም እሱ ነው።

በል፣ ጌታ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የምትጠጡትን ውኃ አፍላችሁ ጠጡ። ከእማዬ ጋር ለብቻችሁ ስትሆኑ ምን እንደምትላት የሚያውቅ ጌታ ብቻ ነው፤ እሱ አፍህ ላይ ያድርግልህ። እስከዚያው ግን የምለምንህ ይህን ነው። ከመነሣትህ በፊት ጺምህን ተላጭ፤ ስትስምህ ጉንጭህ ላይ እንዳታገኘው። እዚህ በገና ይበርዳል፤ ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ቀዩን ሹራብ ልበሰው። ስትወርድ ደግሞ ዝም ብለህ እንዳትመጣ። ከሩቅ ጀምረህ ጥራት።

እህትህ
ኢየሩሳሌም